ጎማዋ መሬት እንዳይነካ

አንድ ጥቅምት ለሠርግ ወደ ሺንሺቾ ስሄድ ሆሳዕና መናኸሪያ ወርጄ የሚቀጥለውን መኪና እጠብቅ ነበር። አንዲት ሴት ከሻይ ቤት ወጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና «መምህርት፣ አላወቅሽኝም?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አላወቅኋትም። ጊምቢቹ ሳለሁ ያስተማርኳት የባለወፍጮው የከድር ልጅ ናት፤ ዛሬ የልጆች እናት ሆናለች። ተሳሳምን። አባቷ ደህና እንደሆነ፣ ወፍጮውም አሁን በመብራት እንደሚሠራ ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባ ሀንዲሶ አረፉ እኮ፤ ሰምተሻል?» አለች።

አልሰማሁም ነበር። ካረፉ ሁለት ክረምት አልፏል። ማን ይንገረኝ? ዘመዳቸው አይደለሁ፣ የአገራቸው ሰው አይደለሁ፤ በደርግ ጊዜ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የኖርኩ አስተማሪ ነኝ። ረዳቱ «ሺንሺቾ! ሺንሺቾ!» እያለ ሲጣራ ሻንጣዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። መኪናው ሞልቶ ሄደ።

ሰው ሲሞትብኝ ብዙውን ጊዜ ፊቱ ነው የሚመጣብኝ። ከአቶ ሀንዲሶ ግን የመጣብኝ ቀኝ እጃቸው ነው። በተከፈተ የመኪና በር ገብቶ ቁልፍ ይዞ የሚጠብቅ እጅ።

ጊምቢቹ ስመደብ ገና ወጣት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው፤ ሀዲይኛ አንድ ቃል አላውቅም፤ የማውቀውም ሰው አልነበረም። ቤት ያከራዩኝ አቶ ሀንዲሶ ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል፤ ሴት ልጃቸው ሺንሺቾ አግብታለች። አንድ ወንድ ልጃቸው ማርቆስ ሹፌር ነበርና ለጦሩ ሹፌር ሲፈለግ ወደ ሰሜን ተወስዷል። ግቢው ውስጥ የቀሩት እሳቸው፣ ሁለት ላሞችና አንዲት ላንድሮቨር ናቸው።

ላንድሮቨሯ የማርቆስ ናት። አሮጌዋን ከአንድ የሆሳዕና ነጋዴ ገዝቶ፣ በገበያ ቀን ከጊምቢቹ ሆሳዕና ሰው ያመላልስባት ነበር። እኔ ስደርስ ግን ከእንሰቱ ጀርባ፣ የሣር ክዳን ባለው ዳስ ሥር፣ በባሕር ዛፍ ጉማጆች ላይ ተሰቅላ ነበር። አራቱም ጎማዎቿ አየር ላይ ናቸው። የጭስ ማውጫዋ ጨርቅ ተወትፎበታል። ኮፈኗ ላይ ዶሮ ይተኛል። በገባሁ በሳምንቴ፣ ለጨዋታ ያህል፣ «አባባ፣ ይህን ብረት ለምን አይሸጡትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አማርኛ ሲናገሩ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለጉ ነው። ትንሽ አሰቡና «ተኝታለች እንጂ አልሞተችም» አሉኝ። ለሁለት ቀን ያህል በደንብ አላናገሩኝም።

ነገሩን ቀስ በቀስ ነው የተረዳሁት። ማርቆስ የሄደ ቀን አባት እስከ ሆሳዕና መናኸሪያ ሸኝተውታል። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ልጁ በመስኮት ብቅ ብሎ የተናገረው ስለ ራሱ አልነበረም። «አባ፣ ጎማዋ መሬት እንዳይነካ፤ ከቆመችበት ይሰነጠቃል። ባትሪዋን ብርድ ላይ እንዳታሳድር። በሳምንት አንድ ቀን አስነሳት።» ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፤ ግን ሞተሩ ተነሳ፣ ረዳቱ ጮኸ፣ አውቶቡሱም ወጣ። አቶ ሀንዲሶ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይተዋል። የተናገረውን አልሰሙም።

ያ ያልሰሙት ነገር ሰላም ነሳቸው። እርሻ እያረሱም፣ ላም እያለቡም ያስቡታል። እኔን ሳይቀር «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ሹፌር አራተኛ ምን ይላል?» ብለውኛል። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ቲኬት መቁረጥ ብቻ ነው። ጎረቤታቸውን ባለወፍጮውን ከድርን ሲጠይቁት «ዘይቷን እይ ብሎህ ይሆናል» አላቸው፤ ዘይቷን ማየት ጀመሩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ራሳቸው አሰቡና፣ የቆመ ላስቲክ ይደርቃል፣ የደረቀ ነገር ሁሉ ደግሞ መድኃኒቱ ቅቤ ነው ብለው ወሰኑ። የሀዲያ ሰው በቅቤ ላይ ያለው እምነት ቀላል አይደለም። የበሮቿን ላስቲክ፣ የወንበሮቿን ቆዳ፣ መሪዋን ሳይቀር ለጋ ቅቤ ቀቡ። ግቢው ሁሉ አወደ። በሳምንቱ የአካባቢው አይጥ በሙሉ ግብዣ ተጠርቶ መጣ፤ ላስቲኩን ጨርሶ ወደ ሽቦው ተሻገረ። ከድር ሽቦውን ሲቀጥል ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መፍቻው ከእጁ ይወድቅ ነበር። አቶ ሀንዲሶ ግን አልሳቁም። ከዳሱ ወጥተው ላሞቹ ጋ ሄዱ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ብዙ ቆሙ። ያን ጊዜ ነው እኔም መሳቄን ያቆምኩት።

ባትሪው የሚኖረው ከሳቸው ጋር ነበር። ቤት ውስጥ፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ፣ ጣውላ ላይ ተቀምጦ በአሮጌ ጋቢ ይሸፈናል። «ባትሪው ከእኔ የተሻለ ክፍል አለው» ብዬ ስቀልድ «አንቺን አይበርድሽም፤ ወጣት ነሽ» ይሉኝ ነበር። የገበያ ቀን ሲሆንና የከድር ወፍጮ ሲነሳ ባትሪውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ይወጣሉ። ይገጥሙታል። ጨርቁን ከጭስ ማውጫው ይነቅላሉ። ከዚያ የሹፌሩን በር ይከፍታሉ፤ ግን አይገቡም። ውጭ ቆመው ቀኝ እጃቸውን ብቻ ይሰዳሉ። የናፍጣ መኪና ስለሆነች ከመነሳቷ በፊት ቁልፉን ግማሽ አዙሮ እስክትሞቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስንት ያህል እንደሚጠበቅ በጸሎት ነበር የሚለኩት፤ በሀዲይኛ አጭር ጸሎት ያደርሱና «አሜን» ሲሉ ቁልፉን ያዞሩታል።

በመጀመሪያው አትነሳም ነበር። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ አንዳንዴ ጭራሽ ስታለቅስ ቆይታ ነው። በዚህ በጣም ያዝኑ ነበር። «ማርቆስ በአንድ ነው የሚያስነሳት» ይላሉ። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የማርቆስ ኩራት ነበር ይኼ። እሳቸው እንግዲህ መኪናዋን ሲረከቡ ይህን ኩራት አብረው ተረክበዋል።

ወፍጮውን ለምን እንደሚጠብቁ መጀመሪያ አልገባኝም። በዚያ ዘመን መኪናው የሚሠራ ሰው ለእናት አገር ጥሪ ተብሎ ይወሰድበት ነበር፤ እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ላንድሮቨሯ ለማርቆስ ሕያው፣ ለቀበሌው ደግሞ ሙት መሆን ነበረባት። ዶሮዎቹ፣ ገለባው፣ ጉማጆቹ ከውጭ ለሚያይ ሰው በቂ ናቸው። ድምጿ ግን መሸፈን ነበረበት፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው የከድር ወፍጮ ደግሞ የመንደሩን ጆሮ ሁሉ ይደፍናል።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ሰው አስከትሎ ዳሱ ድረስ መጣ። «አቶ ሀንዲሶ፣ ይቺ ትሠራለች?» አለ።

አቶ ሀንዲሶ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ውሸት አይሆንላቸውም። እኔ ክፍሌ በር ላይ ቆሜ መልሳቸውን ጠበቅሁ።

«ሹፌሯ የለም» አሉ።

«እሱንማ እናውቃለን። መኪናዋ ትሠራለች ወይ ነው የምለው።»

«ያለ ሹፌር መኪና ምን ትሠራለች? አንተው እስቲ ንገረኝ።»

አንዲት ዶሮ ከመስኮቷ ዘልላ ወጣች። ሰዎቹ ሳቁና ሄዱ። አቶ ሀንዲሶ ወንበሩ ላይ ዶሮዋ የጣለችውን እንቁላል አነሱና ለእኔ ሰጡኝ።

እህል የጠፋበት ዓመት መጣ። አንድ የገበያ ቀን ወፍጮው ሲያጓራ ሰማሁና ወጣሁ፤ ደጁ ላይ ወረፋ የሚጠብቅ አንድም ሰው፣ አንድም ስልቻ አልነበረም። ገብቼ «ከድር፣ ምን እየፈጨህ ነው?» አልኩት።

«ድንጋዩ እንዳይዝግ ነው» አለና ፊቱን አዞረ።

ድንጋይ እንደማይዝግ አስተማሪ መሆን ሳያስፈልገኝ አውቃለሁ። ናፍጣ በራሽን በሚገኝበት ጊዜ ከድር ወፍጮውን ባዶውን ያስነሳ ነበር። ለመኪናዋም ጥቂት ጥቂት ናፍጣ የሚቆነጥርላት እሱ ነው። መንደሩም በሙሉ ያውቃል። ማንም ለማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። የመጨረሻዋ ሰሚ እኔ ነበርኩ፤ ባዕድ መሆን እንዲህ ነው።

ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ታሽጎ ነበር። እሑድ ሲሆን አቶ ሀንዲሶ ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው ላንድሮቨሯ ውስጥ ይገባሉ፤ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ላይ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። መጀመሪያ ቀስ ብለው መዝሙር ይዘምራሉ። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ዞር ብለው ያወራሉ። አንድ እሑድ ዝናብ ሲጥል ልብስ ላስገባ በዚያ ሳልፍ እጃቸውን እያወናጨፉ ሲያወሩ አየኋቸው። ሲያዩኝ አላፈሩም። በመስኮት «ላሟ መውለዷን እየነገርኩት ነው» አሉኝ። ማርቆስ ለፈቃድ በሚመጡ ወታደሮች ሁለት ጊዜ ሰላምታ ልኮ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፍቷል። ሆሳዕና በሄዱ ቁጥር መናኸሪያ ተቀምጠው የወታደር ልብስ የለበሰውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ሲመለሱ ሁለታችንም በየክፍላችን ገብተን በር እንዘጋለን።

ሰኔ ላይ፣ የዓመቱን መጨረሻ ፈተና እያረምኩ ሆዴን አመመኝ። በማግስቱ ጠዋት መቆም አቃተኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ ቀኝ ጎኔን ጫን አድርጎ ሲለቅ ጮህኩ። «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» አለ። «ትርፍ አንጀት ይመስለኛል። ዛሬውኑ ሆሳዕና ካልደረሰች ኃላፊነት አልወስድም።» ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት ከሆሳዕና መኪና ከመጣ ሰንብቷል። የመንደሩ ወጣቶች ተሰብስበው ቃሬዛ ማሰር ጀመሩ። በትከሻ ያን ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ጭቃ፣ ዛሬ እንደማልደርስ ሁሉም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። መሞት ፈርቼ ነበር። ከዚያ ይበልጥ ግን እናቴ ሳታውቅ፣ በማላውቀው አገር መቀበር ነው ያስፈራኝ።

አቶ ሀንዲሶ የክፍሌ በር ላይ ቆመው አዩኝ። ዞረው ሄዱ። ወዲያው ከዳሱ በኩል ጉማጆቹ ሲመቱ፣ ሲንከባለሉ ሰማሁ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ሲገባኝ «አባባ፣ ተዉ» ልል ፈለግኩ፤ አላልኩም ግን። መኖር እፈልግ ነበር።

ሰዎቹ በቃሬዛው ተሸክመው ወደ ግቢው ሲያወጡኝ ጎማዎቿ መሬት ነክተው ነበር። ባትሪው ተገጥሟል፣ ዶሮዎቹ ተባረዋል። ከድር በአጥሩ ዘልሎ መጣና «ጋሼ፣ ቆይ ወፍጮውን ላስነሳ» አለ።

«ተወው ከድር» አሉ አቶ ሀንዲሶ። «ዛሬ ይሰማ።»

በሩን ከፈቱ። ውጭ ቆመው ቀኝ እጃቸውን ሰደዱ፤ ቁልፉን ግማሽ አዞሩ። ግቢው ጸጥ አለ። ጸሎታቸውን አንድም ቃል ሳያስቸኩሉ እንደ ሁልጊዜው አደረሱ። «አሜን» አሉ፤ ቁልፉ ዞረ፤ መኪናዋ ተነሳች። ቁልፉን ሁለተኛ ማዞር አላስፈለጋቸውም። ዘወር ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። ከዚያ የሹፌሩን ወንበር በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ከድርን «ግባ» አሉት። እሳቸው ዞረው የተለመደ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

መንገዱን ብዙም አላስታውሰውም። የከድር ሚስት ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛኛለች። ወደ ሆሳዕና መግቢያ ኬላው ላይ ቆምን፤ ጠባቂው ገመዱን ሳይለቅ «ይቺ የማርቆስ አይደለችም እንዴ? ሞታለች አልተባለም?» አለ። ወደ ውስጥ አጮልቆ እኔን ሲያይ ገመዱን ለቀቀ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስነቃ አቶ ሀንዲሶ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀምጠዋል። «ጡማ?» አሉኝ፤ ሀዲያዎች ደህና ነሽ ወይ ሲሉ ነው። ደህና ነኝ አልኩና ስለ መኪናዋ ጠየቅኋቸው።

«ወሰዷት» አሉ።

የሆነውን ከድር ነው በኋላ የነገረኝ። በማግስቱ ጠዋት የመንግሥት ሰዎች ሆስፒታሉ በር ድረስ መጥተው «ትሠራለች?» ብለው ጠየቁ። አቶ ሀንዲሶ «ትሠራለች» አሉ። የሚወስዳት ወታደር ገና ልጅ ነው፤ መሪውን ሲይዝ እሳቸው በሩን ይዘው አልለቅ አሉ። ስትቆም ጎማዋ መሬት እንዳይነካ፣ ባትሪዋ ብርድ ላይ እንዳያድር፣ በሳምንት አንድ ቀን እንድትነሳ ነገሩት። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ ፊታቸውን አየና «እሺ አባባ» አለ። «ወደ ሰሜን ከሄድክ ባለቤቷ እዚያ ነው፤ ካያት ያውቃታል» አሉትና በሩን ለቀቁ።

እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ስፌቱ እያመመኝ አለቀስኩ። አቶ ሀንዲሶ እስክጨርስ ጠበቁና ቃላቸውን እየፈለጉ እንዲህ አሉኝ። «ማርቆስ አራተኛ ነገር ብሎኛል። አልሰማሁትም። ስንት ዓመት አሰብኩት። ትናንት መንገድ ላይ መጣልኝ። ‹ሰው ከታመመ ውሰዱባት› ነው ያለኝ። ሌላ ምን ይላል?»

ማርቆስ ያን ይበል ሌላ፣ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን እንደዚያ ነው ብዬ ተቀበልኩ። መቀበልም ነበረብኝ።

ጊምቢቹ ስንመለስ ጉማጆቹን ወደ ቦታቸው መልሰው በሥርዓት ደረደሯቸው። የገበያ ቀን ወፍጮው ሲነሳ ከቤት ብቅ ይላሉ፤ እቅፋቸው ባዶ ነው። ዳሱ ድረስ ሄደው ይቆማሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ከድር ባዶ ወፍጮ ማስነሳቱን አላቆመም። «አሁን ለማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ካቆምኩ ቤት ውስጥ ሆነው ይሰሙታል» አለኝ። በዓመቱ ዝውውር መጣልኝና ሄድኩ።

መንግሥቱ ወድቆ ጦሩ የተበተነ ጊዜ መንገዱ ሁሉ በእግሩ በሚመለስ ወታደር ተሞላ። ማርቆስም ይኖርበታል ብዬ ጊምቢቹ ሄድኩ። አልመጣም ነበር። አቶ ሀንዲሶ በጣም አርጅተዋል። የዳሱ ሣር ግን አዲስ ነው፤ ጉማጆቹንም ምስጥ በልቷቸው ኖሮ በአዲስ ተተክተዋል። ባዶ ዳስ እንዲህ ተጠብቆ አይቼ አላውቅም። እዚያው ጉማጅ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው» አሉ። «መምህርቷን አድናለች እለዋለሁ። ‹አስቸገረችህ ወይ?› ካለኝ ደግሞ...» ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና አየር ላይ ቁልፍ አዞሩ። «በአንድ ተነሳች እለዋለሁ።»

የከድር ልጅ መናኸሪያው ላይ እንደነገረችኝ ማርቆስ እስከ መጨረሻው አልመጣም፤ ሞተም የሚል መርዶ አልመጣም። አባቱ ያንን መልስ ይዘው ነው ያረፉት። ሁለተኛው የሺንሺቾ መኪና መጣ፤ ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር መኪናው አጉረመረመና ጠፋ፤ እንደገና አዞረው። እኔ ከኋላው ተቀምጬ ማርቆስን በልቤ አናገርኩት። የትም ብትሆን ስማኝ፣ ወንድሜ። አባትህ የሚነግሩህ ነገር ነበራቸው። እኔ ቃሬዛ ላይ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቁልፉ የዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።